ሞተሩ ሳይሞቅ

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

መኪናዬ ዛሬም እምቢ አለች። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከሩብ ላይ ወርጄ ቁልፉን ስጠመዝዝ ሞተሪኖው እየከበደው አዞረ፤ ሞተሩ ግን አልያዘም። ትንሽ አረፍ አድርጌያት ደገምኩ፤ ያው ነው። ልጄ ቦርሳዋን ታቅፋ ከኋላ ወንበር ላይ በዝምታ ትጠብቃለች። የመስታወቱ ጤዛ ገና አልተጠረገም። ብዙ ከለመንኳት በኋላ እንደ ጉንፋን ታማሚ ሳል ሳል ብላ ተነሳች። ለጥቂት ደቂቃ ሚኒሞዋ እየወረደ ልትጠፋ ስትል ነዳጅ እየሰጠሁ ያዝኳት። ሜክሲኮ አደባባይ ስንደርስ ምንም እንዳልነበረባት ሆና ትሄዳለች።

ከቡና እና ሻይ ሕንፃ ጀርባ ያለው ግቢያችን ጣራ ያለው ማቆሚያ የለውም። መኪኖቹ ሁሉ ሰማይ ሥር ነው የሚያድሩት። የክረምቱ ደመና ከተገፈፈ ወዲህ ደግሞ ሰማዩ ሌሊቱን ሙሉ ጥርት ብሎ ያነጋል፤ ምድሩ ቀን የጠጣውን ሙቀት የሚያለብስለት ስለሌለ ሁሉም ወደ ላይ ይወጣል። አዲስ አበባ ከሐምሌ ዝናብ ይልቅ በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት አጥንት የምትሰብረው ለዚህ ነው። 7 እና 8 ዲግሪ የተለመደ ነው፤ ከዚያ በታች የሚወርድበትም ሌሊት አለ።

ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ ከቢሮ ስወጣ ቁልፉን ገና ስነካው ተነሳች። ይህን እጽፈዋለሁ፣ ምክንያቱም የሚጠይቀኝ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምነግረው ይህንኑ ነው፦ ችግሩ ያለው ንጋት ላይ ብቻ ነው።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 2

«ባትሪ ነው።» ይህን ያላለኝ ሰው የለም። የግቢያችን ዘበኛ፣ ቢሮ አብሮኝ የሚሠራው፣ አደባባዩ ዳር ታክሲ የሚጠሩት ረዳቶች ሁሉ አሉኝ። በቅንነት ነው፤ ቆመው ሐሳብ ሰጡኝ፤ ጎረምሶቹ እንግፋልሽ ብለው እጃቸውን ኮፋኖው ላይ ጭነው ነበር። መኪናዋ አውቶማቲክ ማርሽ ስለሆነች ተገፍታ አትነሳም እንጂ ደስ ብሎኝ እቀበላቸው ነበር።

ምሳ ሰዓት ላይ አንድ የባትሪ መሸጫ ጎራ አልኩ። ሻጩ ኮፋኖውን አስከፍቶ ባትሪውን በዓይኑ ብቻ አየና «አልቋል፤ ቀይሪው» አለ። ቴስተር አላወጣም። የገዛሁበት ቀን የተጻፈበት ወረቀት አሁንም ባትሪው ላይ ተለጥፏል፤ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም። እንግዲህ ባትሪ ዛሬ የስንት ሰው የወር ደመወዝ እንደሚበላ ለሚያውቅ ሰው በዓይን እይታ ብቻ ቀይሪ መባል ከባድ ነው። አመስግኜ ወጣሁ። ስወጣ ደግሞ መኪናዋ ወዲያው ተነሳች፤ ሻጩም አየ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 3

ማታ ጋሼ ዘንድ ገባሁ። ከጎናችን የሚኖሩ ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው። በወጣትነታቸው በፊያት 682 ኤን 3 የአሰብን መስመር ሠርተዋል። አሰብ ላይ ጋቢናው ውስጥ መቀመጥ የማይቻልበት ሙቀት አለ። ከዚያ በሚሌ፣ በባቲ፣ በኮምቦልቻ አድርገው ሲወጡ ደብረ ሲና ላይ ጣርማበር ይጠብቃቸዋል፤ ዋሻው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። አንድ መኪና በአንድ ጉዞ ከዚያ እሳት ተነሥቶ እዚህ ውርጭ ላይ ያድራል።

«ጣርማበር የሚያድር ሾፌር መኪናውን አፍንጫዋን ቁልቁል አድርጎ ነው የሚያቆማት» አሉኝ። «ጠዋት ሞተሪኖው ካቃተው ፍሬኑን ለቀቅ አድርጎ ያንደረድራታል፤ በማርሽ ያስነሳታል። ሜዳ ላይ ያቆመ ግን ፀሐይ እስክትወጣ ተቀምጦ ይጠብቃል።»

የናፍጣ ሞተር የእሳት ካንዴላ የለውም። አየሩን አምቆ በማጋል ነው ናፍጣውን የሚያቀጣጥለው፤ ብረቱ እጅግ ከቀዘቀዘ የታመቀው አየር ሙቀቱን ለብረቱ ያስረክብና ናፍጣው ሳይቀጣጠል በጭስ ማውጫው ነጭ ሆኖ ይወጣል። የኔዋ ቤንዚን ነች፣ አንድ ሊትር ሞተር ያላት ቪትዝ። ሕመሟ ሌላ ነው፤ የጋሼ ጥያቄ ግን ለሁለቱም ይሆናል።

«ስትጠመዝዢው ሞተሩ ቶሎ ቶሎ እየዞረ ነው እምቢ የሚለው፣ ወይስ እየተጎተተ?»

ሳስበው ሁለቱም ነው። ይጎተታል፤ አንዳንዴ ደግሞ በደንብ ዞሮም አይዝም። እንዲሁ ነገርኳቸው።

«እንግዲህ አንድ በሽታ አይደለም ማለት ነው። ጋራዥ ወስደሻት ነበር?»

ከዓመታት በፊት ለሌላ ችግር እንደወሰድኳት፣ ለዚህ ግን ገና እንደሆነ ነገርኳቸው።

«አትውሰጃት። ጋራዥ የሚከፈተው ስንት ሰዓት ነው? ሦስት ሰዓት። አንቺ አስነስተሽ፣ በትራፊክ ተጉዘሽ ስትደርሺ ሞቃለች። የሞቀች መኪና ምን ታሳያቸዋለች ልጄ? ሰውየው ወደ መኪናዋ ይምጣ እንጂ መኪናዋ ወደ ሰውየው አትሂድ።»

የሚያውቁት መካኒክ እንዳለም ነግረውኝ ስልኩን ሰጡኝ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 5

መካኒኩ 12 ሰዓት ሳይሞላ ደረሰ። ጃኬቱ ላይ ጋቢ ደርቧል፤ በአንድ እጁ የመሣሪያ ሣጥን፣ በሌላው ቴስተር ይዟል። ሙያውን የተማረው እዚሁ በባቡር አንድ ፌርማታ አለፍ ብሎ ባለው ተግባረ ዕድ ነው። ማታ ደውሎ «እህቴ፣ ከአሁን ጀምሮ ቁልፍ እንዳታስገቢ፤ መኪናዋን እንዳለች ላግኛት» ብሎኝ ስለነበር ልጄን እንኳ በሩን እንዳትከፍት ከልክያት ነበር።

መጀመሪያ ያደረገው ነገር መዳፉን ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ላይ ማሳረፍ ነው። ጥቂት አቆየውና «ጥሩ፣ በረዶ ሆናለች» አለ። ደስ ያለው ይመስል ነበር።

ከዚያ ቴስተሩን ባትሪው ላይ ደገነ። 12.5 አለ። «ሙሉ ባትሪ 12.6 ገደማ ነው» እያለ ቁጥሩን አሳየኝ። «12.2 ሲሆን ግማሹ ሄዷል በይ፤ ከ12 በታች ከሆነ ያን ጊዜ እናወራለን። የዚህ ዕረፍቱ ጤነኛ ነው። አሁን ሲሠራ እንየው፤ አስነሺ።» ጠመዘዝኩ። ሞተሪኖው እያቃሰተ ሲያዞር እሱ ዓይኑን ከቁጥሩ አልነቀለም። «በቃ» አለኝ። 11 ላይ ቆሟል። ባትሪ ሞተር ሲያዞር ከ9.6 በታች ካልወረደ ኃይል አለው ማለት ነው፤ የኔው እንኳንስ ሊወርድ ገና ጉልበቱን አልነካም።

ታዲያ ሞተሪኖው ለምን ይጎተታል? የቴስተሩን ጫፎች ወደ ታች አወረደና አንዱን ሞተሪኖው ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ አካል ላይ አድርጎ ደግሜ እንዳስነሳ ጠየቀኝ። 9 እንኳ አልሞላም። «ሁለት ቮልት መንገድ ላይ ቀረ» አለ፤ ከዚያ መንገዱን እየተከተለ መፈለግ ጀመረ።

ያገኘው ሁለት ቦታ ነው። አንዱ ለማንም ይታያል፤ የባትሪው የፖዘቲቭ ጫፍ ዙሪያውን ነጭና አረንጓዴ ዱቄት አብቅሏል። ሁለተኛውን ለማየት ባትሪውን ከነመቀመጫው ማንሳት ነበረበት። ከኔጌቲቩ የሚነሳው ጥቁር ገመድ ከመኪናዋ አካል ጋር በአንዲት ብሎን ይታሰራል፤ ብሎኗ ሥር ያለው ብረት ዝጎ ቅርፊት ሠርቷል። ገመዱን ሲነቀንቀው ቡናማ ዱቄት እጁ ላይ ረገፈ። ኤሌክትሪኩ በሙሉ በዚህች ጥፍር በምታህል ቦታ አልፎ ነው ወደ ባትሪው የሚመለሰው። መብራትና ሬድዮ ትንሽ ስለሚፈልጉ ያልፍላቸዋል፤ ሞተሪኖው ግን በአንድ ጊዜ ከመቶ አምፔር በላይ ይጠይቃል፤ ዝገቱ ላይ ሲደርስ ይታፈናል።

የፈላ ውኃ ከኩሽና አመጣሁለት። ዱቄቱን አጠበው፤ ብረቱን ሁሉ እስኪያብረቀርቅ በብርጭቆ ወረቀት ፈተገው፤ አጥብቆ አሰረና በላዩ ግሪስ ቀባ። እንደገና ስንለካ በመንገድ የሚቀረው ከ0.3 ቮልት አልበለጠም። ሞተሪኖው ወዲያው ድምፁ ተለወጠ፤ ቀልጠፍ ብሎ አዞረ። ሞተሩ እስከዚያ ከብዙ ሙከራ ትንሽ ሞቆ ስለነበር ተነሳ። ዲናሞውንም ለካው፣ 14.2 ይሰጣል፣ ደኅና ነው።

«አንዱ ይኼ ነው» አለኝ እጁን እየታጠበ። «ሌላ ያለ ይመስለኛል። ሰኞ ጠዋት አስነሺና ደውዪልኝ።» የጾም ቁርስ አቅርቤ፣ ሻይ ጠጥቶ ሄደ። የጠየቀኝ ሂሳብ ባትሪ ሻጩ ከጠራልኝ ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 7

ቀልጠፍ ብሎ ይዞራል። አይዝም። ነዳጅ ፔዳሉን ብረግጥም ለውጥ የለም። ደወልኩለት።

«ፔዳሉን አትንኪው» አለኝ። «ይቺ ካርቡሬተር የላትም። ነዳጁን የሚመጥነው ኮምፒውተሯ ነው። እያዞርሽ ፔዳሉን እስከ ታች ከረገጥሽው ቤንዚን በዝቶባታል ብሎ ጭራሽ ይዘጋል። ከአሥር ሰከንድ በላይም አታዙሪ፤ ሞተሪኖው ይግላል፣ አሳርፊው። ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ፤ እስከዚያ ታስቸግርሻለች፣ ታገሺያት።»

ልጄን በታክሲ ላክኋት።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 8

በዚህ መሐል ነገሩን ማንበብ ይዣለሁ። ሰው ሁሉ «ብርድ ነው» ይላል፤ ብርዱ ግን በብዙ በኩል ነው የሚሠራው። የባትሪውን ኬሚስትሪ ያዘገየዋል። ዘይቱን ያወፍረዋል፤ የወፈረ ዘይት ውስጥ ፒስተን ማንቀሳቀስ ተጨማሪ ጉልበት ይጠይቃል። ለኔ ጉዳይ ከሁሉ የሚበልጠው ግን ቤንዚኑ ነው። ቤንዚን የሚቃጠለው ተን ሆኖ ነው። ብረቱ ሲቀዘቅዝ የሚረጨው ቤንዚን ገሚሱ ሳይተን ግድግዳው ላይ ይቀራል፤ ስለዚህ ሞተር በብርድ እንዲነሳ ከወትሮው አብልጦ መስጠት ያስፈልጋል። በድሮዎቹ መኪኖች ይህን የሚያደርገው ቾክ ነው፣ ሾፌሩ በእጁ ስቦ አየሩን ይቀንሳል። የጋሼ ዘመን ላዳ ታክሲዎች ሁሉ ቾክ ነበራቸው። አሁን ያንን የሚወስነው ኮምፒውተር ነው፤ ለመወሰን ደግሞ ሞተሩ ምን ያህል እንደቀዘቀዘ የሚነግረው ይፈልጋል።

ከፍታውም አለ። እዚህ ሜክሲኮ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፈናል፤ የአየሩ ግፊት ከጠረፉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ፒስተኑ የሚያምቀው ቀድሞውኑ የሳሳ አየር ስለሆነ ሙቀቱም ያንሳል፤ ጥቃቅን ጉድለት ያላት መኪና ጅቡቲ ላይ የምትደብቀውን እዚህ ታወጣዋለች። የሰፈራችን ስም ባለቤት የሆነችው አገር ዋና ከተማም ከዚህ አታመልጥም። ሜክሲኮ ሲቲ 2,240 ሜትር ላይ ናት፤ የታኅሣሥ ንጋቷም ከእኛው ጋር ይቀራረባል። ሜክሲኮ የኢጣሊያን ወረራ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት የተቃወመች አገር በመሆኗ አደባባያችን በስሟ ተጠራ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1946 ዓ.ም. ጎብኝተዋታል፤ እዚያም ኢትዮጵያ የሚባል የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ አለ። እዚያ ኢትዮጵያ ጣቢያ አጠገብ መኪናውን ውጭ ያሳደረ ሰው ዛሬ ጠዋት የኔን ችግር ሳይጋፈጥ አይቀርም። ይህን ሳስብ ሰውየው ዘመድ መሰለኝ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 12

የዛሬውን በዝርዝር እጽፋለሁ። ሙያ ሲሠራ ማየት ደስ ይለኛል፤ ይኼ ደግሞ ካየሁት ሁሉ የሚጻፍ ነው።

መካኒኩ እንደ ባለፈው በጨለማ መጣ። ትንሽ እንዳዞር አድርጎኝ አንድ ካንዴላ ፈትቶ አወጣ። ወደ ባትሪ መብራቱ አስጠግቶ ጫፉን አገላብጦ አየው፤ ደረቅ ነው። አሸተተው፤ የቤንዚን ሽታ እምብዛም የለውም። ካንዴላውን ከሽቦው ጋር አያይዞ ብረት ላይ አስነክቶ እንዳዞር አደረገኝ፤ ሰማያዊ እሳት ጠንከር ብሎ ዘለለ። «እሳት አለ፤ አየር አለ፤ የጎደለው ነዳጅ ነው» አለ። የነዳጅ ፖምፓውን ግፊት በጌጅ ለካ፣ ደኅና ነው። ከዚያ የማጽጃ ስፕሬይ አወጣና ወደ አየር መግቢያው ትንሽ ረጨት አድርጎ «አሁን» ሲለኝ ቁልፉን ስነካው ሞተሩ ተቀጣጥሎ ተነሳ፤ ለአፍታ ሠርቶ ጠፋ። እኔም ገባኝ፤ ቤንዚኑ ይመጣል፣ የሚመጣው ግን ለሞቀ ሞተር የሚበቃው ያህል ብቻ ነው። (ይህን ስፕሬይ ሰው በራሱ እንዳይሞክረው ደጋግሞ አስጠንቅቆኛል፤ እሳት ነው።)

ቴርሞስታቱ አጠገብ ከቴስታታው ጎን የተሰካች፣ አውራ ጣት የማትሞላ ነሐስ አለች። የውኃ ሴንሰር ይሏታል። ውስጧ ያለው ነገር ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን አጥብቆ ይከለክላል፣ ሲሞቅ ይለቃል፤ ኮምፒውተሩም ከዚያ ተነስቶ ሙቀቱን ያሰላል። ሶኬቷን ነቅሎ ቴስተሩን አስነካ። 400 ኦም ገደማ አለ።

«በዚህ ብርድ ከ3,000 በላይ ማሳየት ነበረባት» አለኝ። «ይቺ ለኮምፒውተሩ ‹ሞተሩ 70 ዲግሪ ነው፣ ሞቋል› እያለችው ነው። እሱም አምኗት ቤንዚኑን ቆጥቦ ይሰጣል።»

የሞተር መብራቱ ለምን እንዳልበራ ጠየቅሁት። ሴንሰሯ ብትበጠስ ወይም ሽቦው ቢቋረጥ ይበራ ነበር፤ የምትለው ቁጥር ግን ሊሆን የሚችል ቁጥር ስለሆነ ኮምፒውተሩ ውሸት መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ቀን ላይ ደግሞ ሞተሩ በእርግጥም ሞቆ ስለሚገኝ ቃሏና እውነቱ ይገጥማሉ። ሦስት ሰዓት ላይ ጋራዥ ብንወስዳት ኖሮ ይቺው ሴንሰር ትክክል ትናገር ነበር።

ሞተሩ ቀዝቃዛ ስለነበር ሴንሰሯን ያለ ሥጋት ፈታት፤ ትንሽ ውኃ ፈሰሰና ቀዳዳውን በጨርቅ ደፈነው። ከበሩ ላይ ሻይ ከምትሸጠዋ ልጅ የፈላ ውኃ በብርጭቆ አስቀዳ። ሴንሰሯን በሽቦ ይዞ ነሐሷ እስክትሰምጥ ብቻ አጠለቃትና የቴስተሩን ጫፎች አስነካ። እንፋሎቱ እየወጣ ቁጥሩን ሦስታችን አጎንብሰን አየን፣ እሱ፣ እኔና ልጄ። 400 ወደ 350 ወረደ፤ እዚያው ቆመ። በቀዝቃዛ ውኃ ብርጭቆ ውስጥ ሲከታት ደግሞ እምብዛም አልወጣችም። «ሞታለች» አለ። ልጄ ብርጭቆዋን ይዛ «እኔም ልሞክር» ስትለው ቴስተሩን ሰጣት፤ ጫፎቹን እንዴት እንደምትይዝ አሳያት። እሷም ቁጥሩን ጮክ ብላ አነበበች።

ረፋዱ ላይ አብረን ሶማሌ ተራ ሄድን። ሱቁ ውስጥ ከጃፓን ሞተር የተፈታ ኦርጂናልም፣ አዲስ ቅጂም አለ። መካኒኩ ከሻጩ ጋር ዋጋ ከመነጋገሩ በፊት ውኃ አስመጣ። ሻጩ ቅር አላለውም፤ እንዲያውም ራሱ ቴርሞስ አቀረበ። የመጀመሪያው ቅጂ በቀዝቃዛም በፈላም ቁጥሩ ስለማይረጋ ተመለሰ። የተፈታው ኦርጂናል ሱቁ ባለው ሙቀት 2,500 ኦም አሳየ፤ የፈላው ውኃ ውስጥ ሲገባ ቁጥሩ እያየነው እየተንደረደረ ከ400 በታች ወረደ። እሱን ገዛን። ከአዲሱ ርካሽ ነው።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 13

በአንድ ቁልፍ። ሚኒሞዋ መጀመሪያ ከፍ ብሎ እየቆየ ቀስ እያለ ወረደ፤ መካኒኩ እንዲህ ታደርጋለች ያለው ይኸው ነው። ጋሼ በመስኮታቸው ሰምተው ወጡ፤ ኮፋኖውን አስከፍተው ሴንሰሯን በጣቴ እንዳሳያቸው ጠየቁኝ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 17

ቢሮ ውስጥ ስለ መኪናዬ ሳወራ አንዱ «ሽጫትና ኤሌክትሪክ ግዢ» አለኝ። በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ በጥር 2016 ከተነገረ ወዲህ ከተማው በኤሌክትሪክ መኪና እየሞላ ነው፤ ሜክሲኮ መብራት ላይ ስቆም ከጎኔ ድምፅ የሌለው መኪና የማይቆምበት ቀን የለም። ደግ ነው፤ ጭሱ ቢቀንስልን የልጆቻችን ሳንባ ይተርፋል። ነገር ግን ያሉት መኪኖች አሉ፤ የትም አይሄዱም። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ከጣለ ወዲህ በእጃችን ያለችው ቪትዝ ምትክ የሌላት ሆናለች። ስለዚህ የሚጠግናት ሰው ያስፈልገናል፤ ያውም የሚለካ። ክፍል እየቀየሩ መሞከር የሚያዛልቀው ክፍሉ ርካሽ፣ መኪናውም ብዙ በሆነበት አገር ነው። እዚህ አንድ ባትሪ ያለ ጥፋቱ ተጥሎ ሌላ ሲገዛ ከቤተሰብ ላይ የሚጎድል ነገር አለ፤ በማግሥቱ ንጋት ደግሞ መኪናዋ እንደገና አትነሳም። ሰው ተስፋ የሚቆርጠው ያኔ ነው። መለኪያ የሌለው መካኒክ ላይ ብቻ አልፈርድም። እኛ ደንበኞቹም «ቶሎ በል» እያልን እናጣድፈዋለን፤ ጠዋት 12 ሰዓት ለመጣበት ጊዜ መክፈልም አልለመድንም።

ኤሌክትሪኩም ቢሆን ከፊት ወይም ከኋላ የተቀመጠች ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ አለችው፤ እሷ ከደከመች በሩም ላይከፈት ይችላል። የባትሪ ጫፍ ማጽዳት ገና የሚያስፈልግ ሙያ ነው።

መካኒኩ ዘይቱንም እንድቀይር መክሮኛል። ብዙዎቻችን የምንሞላው 20 ደብልዩ 50 ነው፤ ለጠዋት ብርድ ወፍራም ነው። የቪትዝ መመሪያ የሚለው 5 ደብልዩ 30 ወይም 10 ደብልዩ 30 ነው። ከደብልዩ በፊት ያለው ቁጥር ባነሰ መጠን ዘይቱ በብርድ ቶሎ ይፈሳል። ለገና ሳምንት ቀጠሮ ይዣለሁ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 26

ሌሊት 10 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ቤቱ ተንቀጠቀጠ። ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የሚመጣው መንቀጥቀጥ ሰሞኑን ደጋግሞ ይሰማናል፤ የዛሬው ግን ጠንከር ያለ ነበር። ልጄን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ወረድኩ፤ ግቢው በጋቢና በነጠላ ሞልቷል። ብርዱ ያንገበግባል። ሕፃናቱን የት እናሙቅ ሲባል መኪናዬን ከፈትኩ፤ ሞተሩን አስነስቼ ማሞቂያውን ለቀቅሁ። የሰፈሩ ልጆች ተደራርበው ገቡ። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ብርድ ሳታንገራግር ነው የተነሳችው። ጎህ ሲቀድ ሁሉም ወደየቤቱ ገባ።

ሐሙስ፣ ጥር 1

ዘይቱ ተቀየረ። የበዓሉ ጉድ ጉድ ካለፈ በኋላ ግቢያችን የሚያድረው የታክሲ ሚኒባስ ሾፌር አንኳኳ። የናፍጣ ሞተር ነው፤ ጠዋት ጠዋት ነጭ ጭስ እየተፋ ነው የሚነሳው፤ አንዳንድ ቀን የመጀመሪያው ተራ ያመልጠዋል። «ባትሪ ቀይር አሉኝ» ይላል። ቀይሮታልም፤ አሁንም ያው ነው።

ጋሼን ጠርቼ አነጋገርናቸው። በብርድ ነጭ ጭስ ካለ የሚያሞቁትን ካንዴላዎች ተጠራጠሩ፤ ከአራቱ አንዱ ወይም ሁለቱ ተቃጥለው ሊሆን ይችላል፣ በቴስተር አንድ በአንድ ይለካሉ፤ ጤነኛው አንድ ኦም አካባቢ ወይም ከዚያ ያነሰ ያሳያል፣ የተቃጠለው ምንም አያሳልፍም አሉ። መካኒኩ ጋ ደወልኩ። ነገ 12 ሰዓት ሳይሞላ እመጣለሁ አለ። ሾፌሩ ነገ ጠዋት ሞተሩን ቀደም ብሎ አሙቆ ሊጠብቀው አስቦ ነበር፤ እንዳይነካው፣ ቁልፉንም ማታ ጋሼ ጋ እንዲያስቀምጥ ነገርነው።